መዝገቡ የሚጠይቀው፤ ከለንደን እስከ ነቀምቴ

ሕሙማንን ማስታመም ከሰው ልጅ ጋር አብሮ የኖረ ተግባር ነው፤ አስታማሚውን ፈትኖ በመንግሥት መዝገብ ማስፈር ግን የቅርብ ዘመን ሥራ ነው። በእንግሊዝ አገር የነርሶች ምዝገባ ሕግ የወጣው በ1919 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሕጉ አጠቃላይ ነርሶችን በአንድ መዝገብ አስፍሮ፣ ለወንዶች፣ ለአእምሮ ሕሙማንና ለሕፃናት ነርሶች የተለያዩ ክፍሎችን አበጀ። በብሪታንያ ግዛቶች የሠለጠኑትንም በመንግሥታት ስምምነት ለመቀበል በር ከፈተ።

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ የተወለዱት በዚያው በ1919 ነበር። በ1936 ኢትዮጵያ በፋሺስት ኢጣልያ ስትወረር ከወላጆቻቸው ጋር ተሰደው እንግሊዝ አገር ገቡ፤ በዚያም ነርስ ለመሆን ቆረጡ። በኢትዮጵያ ገና የነርስ ትምህርት ቤት አልነበረምና፣ ንጉሣዊ ትውልድም ትምህርትን ስለማይተካ፣ በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል እንደ ማንኛዋም ተማሪ ከመጀመሪያው ደረጃ ተነሡ። በ1939 የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመዘገቡ። ይህ ምዝገባ የአጠቃላይ ነርስነትን ማዕረግ የማይሰጥ በመሆኑም፣ ወደ ጋይስ ሆስፒታል ገብተው ሥልጠናቸውን ቀጠሉ።

ልዕልቲቱ በ1941 ወደ አገራቸው ተመለሱ። በተከታዩ ዓመት አቢይ አበበን አግብተው ባለቤታቸው ወደተሾሙበት ወለጋ ሄዱ፤ በነሐሴ 1942 ግን ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ነቀምቴ ላይ አረፉ። ዕድሜያቸው ገና ሃያ ሦስት ዓመት አልሞላም ነበር። የእንግሊዝ መዝገብ የመሰከረለት ዕውቀት ለሌሎች ሳይተላለፍ ከባለቤቱ ጋር ተቀበረ። አንድ ሰው ብቻ የተሸከመው ሙያ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠፋ ከዚህ የበለጠ አስረጂ አይገኝም።

መፍትሔው ትምህርት ቤት ነበር። በ1949 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በአዲስ አበባ የነርስ ትምህርት ቤት ከፈተ። ሲልቪያ ፓንክኸርስት በብሪታንያ ገንዘብ ያሰባሰቡለት የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታልም በ1951 ሥራ ጀመረ፤ እሱም የነርሶች ማሠልጠኛ ሆነ። በነቀምቴም በተፈሪ መኰንን ሆስፒታል በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወንዶች ነርሶችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ ቈይቶም ሴቶችን ተቀበለ። እንግሊዝ ራሷ ወንዶችን ከአጠቃላዩ መዝገብ ያስገባችው በ1949 በወጣ ሕግ መሆኑን ስናስታውስ፣ የነቀምቴው ጅምር ከዘመኑ ወደ ኋላ የቀረ እንዳልነበረ እንረዳለን።

ዛሬ ጉዞው ተገልብጧል። ከባኬ ጃማም ሆነ ከሌላው የነቀምቴ ሠፈር ተነሥቶ ውጭ አገር የሚሄድ ነርስ ሙያውን ተምሮ የሄደ ነው። ቢሆንም ብሪታንያ የቋንቋ፣ የንድፈ ሐሳብና የተግባር ፈተና ትጠይቀዋለች። በአሜሪካም ከፈቃድ ፈተናው በተጨማሪ፣ በብዙዎቹ ክፍላተ ግዛት ትምህርቱ ይመረመራል፤ በአዋቂዎች፣ በሕፃናት፣ በእናቶችና በአእምሮ ሕክምና ምን ያህል እንደተማረና እንደተለማመደ የሚያሳየው ማስረጃም በቀጥታ ከትምህርት ቤቱ እንዲላክ ይፈለጋል።

እንግዲህ ልዕልት ፀሐይን ለሁለተኛ ሥልጠና የዳረገው የክፍል ልዩነት ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ልዩነቱ፣ የዛሬው ነርስ ዕጣ በገዛ እጁ ብቻ ሳይሆን በተማረበት ተቋም መዝገብ ቤትም ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። በወረቀት ያልሰፈረ የልምምድ ሰዓት በባዕድ አገር እንዳልተሠራ ይቈጠራል። ስለዚህ መዝገብን በጥንቃቄ መያዝ ተራ የጽሕፈት ሥራ ሳይሆን የተማሪውን የድካም ዋጋ መጠበቅ ነው፤ ይህም ኃላፊነት የሚጀምረው ተማሪው ትምህርት ቤት ከገባበት ቀን ነው።