«ከጓሮህ ጫት ላክልኝ» ላላችሁኝ ዘመዶቼ

ዛሬ ስለ ካምፕም ስለ ወረቀትም አልጽፍም። ስለ ጫት ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፤ ጊዜ ያላችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የቸኮላችሁ ደግሞ ወደ መጨረሻው ያለውን የሕጉን ነገር ሳታዩ እንዳትሄዱ። ዓመቶቹን ያስቀመጥኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው ሳምንት ነው። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ደወለ። ሰላምታው ሲያልቅ፣ «አንተ፣ የጓሮህን ጫት ፎቶ አየሁት እኮ! የአገር ቤቱ ዲማ ነው አይደል? በናትህ ትንሽ አድርቀህ ላክልኝ» አለኝ። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና አላለቀም። «አይሆንም» አልኩት። ተቀየመኝ። «ቅጠል እኮ ነው!» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

እሱ ብቻ አይደለም። ፎቶውን ከለጠፍኩ ወዲህ ከሦስት አገር ተመሳሳይ ጥያቄ መጥቶልኛል። ስለዚህ ለምን እምቢ እንዳልኩ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልንገራችሁ። ይህ ቅጠል በታሪኩ «ቅጠል ብቻ» ሆኖ አያውቅም።

እኔ ያደግኩት ሐረርጌ፣ ከአወዳይ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። አባቴ መጀመሪያ የቡና ገበሬ ነበር። በ1989 አገሮች የቡናን ዋጋ የሚጠብቁበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ሲፈርስ ዋጋው ወደቀ። አባቴ እንዲህ ያለ ስምምነት መኖሩንም አያውቅም ነበር፤ ያወቀው ነጋዴው የሚቆጥርለት ብር ማነሱን ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ቡና እየነቀለ በቦታው ጫት ተከለ። «ቡና በዓመት አንዴ ነው የሚያስበን፤ ጫት ግን በጠራነው ጊዜ ይመጣል» ይል ነበር። ጫት ድርቅ ይችላል፣ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፣ ገዢውም ደጅ ድረስ ይመጣል። የእኔ ደብተርና ጫማ የተገዛው በዚያ ጫት ነው። ስለዚህ ጫትን ሲረግም የምትሰሙት ሰው እኔ አይደለሁም።

ናይሮቢ ገብቼ ጓሮ ያለው ቤት የተከራየሁት በ2017 ነው። በሞያሌ በኩል የምትመላለስ አንዲት የአገራችን ሴት አምስት ቀንበጥ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ጫት እንደ በቆሎ ዘር ተበትኖ አይለመድም፤ ከግንዱ ሥር የሚወጣውን ቀንበጥ ነው ነቅለው የሚተክሉት። ያመጣችልኝ ዲማ የሚባለው ነው፤ በኦሮምኛ ቀይ ማለት ነው፤ ለጋው ቅጠልና ግንዱ ቀላ ይላል። እኛ ጋ ነጣ የሚለውን ዳሎታ እንለዋለን።

አከራዬ ከሜሩ የመጡ አሮጊት ናቸው። እኔ «ማማ» እላቸዋለሁ። ስተክል አይተው ሳቁ። «ሚራ እዚህ የለም ብለህ ነው ልጄ ከአገርህ ድረስ ያስመጣኸው?» አሉኝ በስዋሂሊ። በሚቀጥለው ወር ከመንደራቸው ሁለት ቀንበጥ አምጥተው ከእኔው ጎን ተከሉ። እንዲህ ሆኖ የሐረርጌና የሜሩ ጫት በአንድ ጓሮ ጎረቤት ሆኑ።

በመጀመሪያው ዓመት የሐምሌ ብርድ ሁለቱን ቀንበጦቼን ገደላቸው። ሦስቱ ቀሩ። በሁለተኛው ዓመት ጉልበቴ ድረስ ደረሱ። በሦስተኛው፣ ያ የኮሮና ዓመት 2020 መሆኑ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ እጅ ሙሉ ቀነጠብኩ። የማማ ዛፍ ቁመቱን ይወዳል፤ ዝም ካሉት ሽቅብ ነው የሚሄደው። እኛ ሐረርጌ ጫትን አሳጥረን፣ እየቆረጥን፣ ቁጥቋጦ አድርገን ነው የምናሳድገው። ሜሩዎች ግን የኒያምቤኔ ኮረብታ ላይ የአያት ቅድመ አያት ዛፎች አሏቸው፤ ልጆች ወጥተው ነው የሚለቅሙት። በጣም አሮጌዎቹን «ምባይኔ» ይሏቸዋል፤ ስሙ የአንድ የጥንት ትውልድ መጠሪያ ነው። ማማ እንደነገሩኝ እዚያ ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ በሥርዓት የታሰረ የሚራ እስር ይዞ ነው የሚሄደው። እስሩ ተቀባይነት ካገኘ ንግግሩ ይጀመራል።

ሁለቱን ጎን ለጎን እያየሁ ነው ስለዚህ ተክል ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት። ለስደተኛ ጊዜ ሞልቷል፤ ወረፋ ላይ ሆኜ በስልኬ አነብ ነበር።

በእኛ አገር ጽሑፍ ውስጥ ጫት ቀድሞ ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ነው። ዘመኑ 1332 አካባቢ ነው። የኢፋቱ ገዢ ሰብረ ዲን በንጉሡ ላይ ሲነሳ እንደፎከረ ተጽፏል፤ የንጉሡን ከተማ ማራዴን ይዞ ጫት እተክልበታለሁ ብሎ። ልብ በሉ! ቤተ ክርስቲያን አቃጥላለሁ፣ አገር እይዛለሁ ከሚለው ፉከራ ጋር ነው ጫት እተክላለሁ ያለው። ተክል መትከል መሬቱ የእኔ ነው ማለት ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ጫት በደገኛው ክርስቲያን ዘንድ የሙስሊም ነገር ተደርጎ ይታይ ነበር። ዛሬ ባሕር ዳርም፣ ሲዳማም፣ ጉራጌም ይበቅላል፤ የሚቅመውም ሃይማኖት አይለይም።

ሐረር ላይ ጫት የዑለማና የተማሪ ነበር፤ ሌሊት ለዱዓና ለቂርኣት ነቅቶ ለማደር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 መጀመሪያ ሐረር ሲገባ የከተማዋ ሊቃውንት ተቀምጠው ሲቅሙ አይቶ ጽፏል። ያኔ የቃሚውና የአብቃዩ ርቀት የእግር መንገድ ነበር። ለምን መሰላችሁ? ቅጠሉ ውስጥ ያለው የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን የሚሉት፣ ከተቆረጠ ጀምሮ ይደክማል። በሁለት ቀን ውስጥ አብዛኛው ይሄዳል። በቅጠል ተጠቅልሎ እርጥብ የሚደረገውም፣ የጫት መኪና እንደ አምቡላንስ የሚበረውም ለዚህ ነው።

ይህን ርቀት የሰበረው ባቡርና አውሮፕላን ነው። በ1902 ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ ደረሰ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የሐረርጌ ጫት በአውሮፕላን ኤደን መግባት ጀመረ። ከዚህ በኋላ ጫት ገንዘብ ሆነ፤ ገንዘብ ሲሆን መንግሥታት አዩት።

እንግሊዞች ኤደን ላይ በ1957 ከለከሉት። ሰዉ ከከተማዋ ወሰን ወጥቶ መቃም ጀመረ፤ በዓመቱ ክልከላውን አነሱት። ኬንያ ውስጥም በ1940ዎቹ በሰሜኑ ክፍል ከልክለው ነበር፤ ያም አልያዘም። በ1983 ዚያድ ባሬ በሶማሊያ ጫትን ከለከለ። ክልከላው ይበልጥ የጎዳው የሰሜኑን ሰው፣ አብቃዩንና ነጋዴውን ነበር፤ በመንግሥቱ ላይ በነበረው ቂም ላይ ሌላ ቂም ጨመረ። ጫቱ ግን አልቀረም። በ2020 የሶማሊያ መንግሥት የኬንያን ጫት ሲያቆም ምክንያቱ ኮሮና ተባለ፤ ሁለቱ መንግሥታት ግን ተኳርፈው ነበር። እስከ 2022 ድረስ ቆየ። ያን ጊዜ ማማ ወደ ሜሩ ሲደውሉ እሰማ ነበር፤ የወንድማቸው ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰው ነበር። አባቴን አስታወሰኝ። እሱም በማያውቀው ስምምነት ነው የደኸየው።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። ይህን በደንብ አንብቡት።

ዓለም አቀፉ ሕግ የሚቆጣጠረው ካቲኖንን ነው፤ ቅጠሉ ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። በ2006 የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ አይቶት መግባት አያስፈልገውም ብሏል። ስለዚህ እያንዳንዱ አገር እንደፈለገ ነው የወሰነው።

ኢትዮጵያና ጅቡቲ ውስጥ ሕጋዊ ነው፤ ግብር ይከፈልበታል። ኬንያ ውስጥ ሕጋዊ ነው፤ በ2016 መንግሥት ከሚደግፋቸው ሰብሎች ተርታ በሕግ አስገብቶታል። ያም ሆኖ በ2024 በባሕር ዳርቻ ያሉ አንዳንድ የአካባቢ አስተዳደሮች ሙጉካ የሚባለውን ዓይነት ከልክለው ፍርድ ቤት ደርሷል።

ድንበሩን ተሻግራችሁ ታንዛኒያ ስትገቡ ያው ቅጠል ዕፅ ነው፤ እዚያ «ሚሩንጊ» ይሉታል። ኡጋንዳ ከ2016 ጀምሮ ጫትንም ካናቢስንም በአንድ ሕግ ውስጥ አስገብታለች። በ2023 ፍርድ ቤት ሕጉን ሽሮት ነበር፤ የሻረው ግን ምክር ቤቱ ሲያጸድቀው ምልዓተ ጉባኤ አልነበረም በሚል ነው እንጂ ጫት ጥሩ ነው ብሎ አይደለም። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት እንደገና አጸደቀው። ካምፓላ ያላችሁ ልጆች፣ «ተሽሯል» የሚላችሁን አትስሙ።

ሆላንድ በ2013፣ እንግሊዝ በ2014 ከልክለዋል። የእንግሊዙ የራሱ አማካሪ ምክር ቤት አትከልክሉ ብሎ ነበር፤ መንግሥት አልሰማም። ስዊድንና ኖርዌይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዘግተውታል። ሳውዲ ከባድ ወንጀል ነው። እስራኤል ውስጥ የየመን አይሁዶች ስለሚቅሙት እርጥቡ ቅጠል ይፈቀዳል፤ ከእሱ የሚወጣ ጭማቂ ወይም እንክብል ግን ክልክል ነው። አሜሪካ ደግሞ ካቲኖንን በ1993 ሄሮይን ካለበት መደብ ውስጥ አስገብታዋለች። የደረቀም ይሁን እርጥብ፣ በፖስታ የሚመጣ ጥቅል ተቀባዩን ነው የሚያሳስረው። ወረቀቱ ላለቀለት ሰው ይህ ጣጣ ነው። ጥገኝነት ለሚጠብቅ ሰው ግን የዕፅ ክስ ማለት ለዓመታት የጠበቀው ነገር በአንድ ካርቶን ሊበላሽ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ የአጎቴ ልጅ፣ እምቢ ያልኩህ ለዚህ ነው። ጫቱ እዚህ ጓሮዬ ውስጥ ሰብል ነው፤ አንተ ደጅ ሲደርስ ወንጀል ይሆናል። ቅጠሉ አንድ ነው፤ የሚለየው የሚያርፍበት መሬት ነው። ይህን ደግሞ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? እዚያ ዜጋ፣ እዚህ ስደተኛ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ «ሕገ ወጥ» የምንባለው እኛው ሰዎች ነን።

አንድ ነገር ግን ካልጨመርኩ ውሸታም እሆናለሁ። ሕጋዊ በሆነበት አገርም ጫት ይበላናል። በ2021 ጉዳዬ ሳይንቀሳቀስ ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር የምቀነጥበው፤ ቀጥሎ በየቀኑ ሆነ። እኛ አገር «ኢጃ ባና»፣ ዓይን መክፈቻ፣ የሚሉት የጠዋት ጫት አለ፤ እሱን ጀመርኩ። ቁርስ ሳልበላ ዛፉ ሥር ነበርኩ። የእኔው ሲያልቅ ኢስሊ ሄጄ እገዛለሁ። በምርቃና ቤት እሠራለሁ፣ ድርጅት እከፍታለሁ፤ ማታ ዱካክ ይይዘኛል፤ በነጋታው የትናንቱን ዕቅድ አላስታውሰውም። ምግብ አይገባም፣ እንቅልፍ የለም፣ ለልጆቼ የምልከው ብር ይጎድላል።

አንድ ቀን ማማ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ልጄ፣ የእኛ ሽማግሌዎች ሚራ የሚይዙት የሚናገሩት ነገር ሲኖራቸው ነው። አንተ ምን ልትናገር ነው በየቀኑ የምትይዘው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ማቆም ቀላል አልነበረም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀስ በቀስ ቀነስኩ። አሁን የምቀነጥበው እንግዳ ሲመጣ፣ ለበዓል፣ ለለቅሶ ነው።

በካምፕና በከተማ ላላችሁ ወጣቶች የምለው ይህንን ነው። ጫት መጠበቅን ያቀላል፤ አደጋውም እሱ ነው። ቀኑ ይሄዳል፣ ጉዳያችሁ ግን ባለበት ነው። ቀጠሮ ያለው ሰው፣ ቃለ መጠይቅ ያለው ሰው፣ በተለይ ከበፊቱ ሌሊት ጀምሮ እንዳይነካው። እንቅልፍ ባላየ ጭንቅላት የሕይወቱን ታሪክ በትክክል ቀን ጠቅሶ የሚናገር የለም።

ሦስቱ ዲማዎቼ አሁንም አሉ። የማማዎቹ ሁለቱ ከአጥሩ በላይ ሆነዋል። አልነቅላቸውም፤ የአባቴ እጅ ነው የሚታየኝ። ለአጎቴ ልጅ ጫቱን ሳይሆን ቪዲዮውን ልኬለታለሁ፤ ጠዋት ውኃ ሳጠጣቸው፣ ማማ ከበስተጀርባ ሲስቁ ይሰማል። እስካሁን አልመለሰልኝም፤ ግን አይቶታል።

ያላችሁበት አገር ሕጉ እንዴት እንደሆነ በትክክል የምታውቁ ከታች ጻፉልን፤ ለሌላው ይጠቅማል። ለሚመለከተውም አድርሱት።

ቸር ይግጠመን።