ከቆጠራ ወደ ውሳኔ፦ የወባና የፈንጣጣ ዘመቻዎች ትምህርት ለከሚሴና ለአካባቢው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ የምትገኘው ከሚሴ ዛሬ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። የዞኑ መሬት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በወሎና በሸዋ ጠቅላይ ግዛቶች ተከፍሎ ይተዳደር ነበር። በምዕራብ ደጋው፣ በምሥራቅ የአፋር ቆላ ያዋስነዋል፤ ሰኞ ሰኞ በሚቆመው የባቲ ገበያም ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ ይገናኛሉ። እህልና ከብት በሚያልፍበት መንገድ ግን በሽታም ያልፋል። ስለዚህ ወረርሽኝ ሲነሣ የአስተዳዳሪው የመጀመሪያ ጥያቄ «በሽታው የት ነው? ስንት ሰውስ ያዘ?» የሚል ሊሆን ይገባዋል። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሀገሪቱ የከፈለችውን ዋጋ ሁለት ታሪኮች ያስረዳሉ።

የመጀመሪያው የወባ ታሪክ ነው። ወባ ለቦርከና ሸለቆ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በተከታዩ መጸው የተነሣው ወረርሽኝ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸውና በሽታውን እምብዛም በማያውቁት የሀገሪቱ አውራጃዎች ተዛመተ። ከወትሮው የበዛ ዝናብ፣ ሙቀትና እርጥበት ረድተውታል። በኋላ በተደረገው ግምት 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ ሞቷል። ይህ ቁጥር የታወቀው ሕዝቡ ካለቀ በኋላ ነው፤ ለታሪክ እንጂ ለመድኃኒት አልደረሰም። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመውም ከዚህ መዓት በኋላ ነበር።

ሁለተኛው የፈንጣጣ ታሪክ ነው። የማጥፋቱ ዘመቻ በጥር ወር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በሀገሪቱ ያለው ፈንጣጣ በአብዛኛው ገዳይነቱ አነስተኛ በመሆኑ ገንዘቡና ሠራተኛው ለወባ ቢውል ይሻላል የሚሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1970 በይፋ የተመዘገቡት ሕሙማን 722 ብቻ ሲሆኑ፣ በተከታዩ ዓመት ቁጥሩ ወደ 26,329 ወጣ። ይህም በሽታው በአንድ ዓመት ስለ ተባባሰ አልነበረም፤ ቀድሞ ጤና ጣቢያ የደረሰው ብቻ ሲቆጠር፣ አሁን ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ እየተጓዙ፣ በገበያና በትምህርት ቤት የበሽተኛ ሥዕል እያሳዩ ስለ ጠየቁ ነው። በሽታው የተገኘበት መንደርና ጎረቤቱ በቶሎ ይከተባል፤ የቀረው ክትባት ደግሞ ወደ ሌላው የበሽታው ቦታ ይሄዳል። በ1973 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 5,414 ወረደ። የኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. በባሌ ዲሞ በተባለ መንደር ተገኘ። ዓለም ከፈንጣጣ ነጻ መሆኗም ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ታወጀ።

በ722 የረካ ባለሥልጣን ዘመቻውን አላስፈላጊ ነው ባለ ነበር፤ በ26,329 የደነገጠውም ዘመቻው ከሸፈ ብሎ ባቆመው ነበር። ሁለቱም በተሳሳቱ ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በኢትዮጵያ ሲገኝ ይኸው ጥያቄ ተመለሰ። በየዕለቱ የሚነገረው የሕሙማን ቁጥር ከተመረመረው ሰው ብዛት ጋር ካልታየ ትርጉሙ ጎደሎ ነው። ምርመራ ያልደረሰው ወረዳ በመዝገቡ ላይ ጤነኛ መስሎ ይታያልና።

ስለሆነም ከሚሴን ለመሰለ፣ መንገድና ገበያ ለሚያገናኘው፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና አፋርኛ ለሚነገርበት አካባቢ ቆጠራው የሚጀምረው ከቢሮ ሳይሆን ከመንደር ነው። በሽተኛውን በቋንቋው የሚጠይቅ የጤና ሠራተኛ ሲኖር፣ የዘገበው ቁጥር ቢጨምርም የማይቀጣ አለቃ ሲኖር፣ ውሳኔው ከመቃብሩ ይቀድማል።