ማይኮቶክሲን፦ የሻጋታ መርዝ በከብት መኖ

ማይኮቶክሲን፣ በአማርኛ የሻጋታ መርዝ፣ አንዳንድ የሻጋታ ዓይነቶች በእህልና በመኖ ላይ ሲያድጉ የሚያመነጩት መርዛማ ኬሚካል ነው። ሻጋታው ቢደርቅ ወይም ቢራገፍ እንኳ መርዙ መኖው ውስጥ ይቀራል። በዓይን ስለማይታይ መኖሩ የሚረጋገጠው በምርመራ ብቻ ነው።

ከእነዚህ መርዞች በይበልጥ የሚታወቀው አፍላቶክሲን ነው። ሊታወቅ የቻለው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ ዶሮዎች ካለቁ በኋላ ሲሆን፣ መንስኤው ከብራዚል የገባ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነበር። መርዙን በዋናነት የሚያመነጨው አስፐርጂለስ ፍላቨስ የተባለው ሻጋታ ሙቀትና እርጥበት ይስማማዋል። በድርቅ የተጎዳን በቆሎና ኦቾሎኒ ገና ማሳ ላይ ሳለ ይይዛል፤ በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸን ምርት ደግሞ ጎተራ ውስጥ ያጠቃል።

መርዙ የእንስሳትን ጉበት ይጎዳል፣ እድገትን ያቀጭጫል፣ የወተትና የእንቁላል ምርትን ይቀንሳል። ዳክዬዎችና ጫጩቶች በቀላሉ ይጎዳሉ። ላም ከመኖ የወሰደችው ቢ1 የተባለው የአፍላቶክሲን ዓይነት ጉበቷ ውስጥ ኤም1 ወደተባለው ዓይነት ይለወጥና ከፊሉ በወተቷ ይወጣል። ወተቱን ማፍላት ይህን መርዝ አያስወግድም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሰበሰቡት 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ኤም1 አግኝቷል፤ የመኖው ብክለትም በተለይ ከኑግ ፋጉሎ ጋር የተያያዘ ነበር። በወተት ውስጥ የሚፈቀደው የኤም1 መጠን በአውሮፓ ኅብረት በኪሎ ግራም 0.05 ማይክሮግራም፣ በአሜሪካ 0.5 ማይክሮግራም ነው።

ዋናው መከላከያ ሻጋታው እንዳይበቅል ማድረግ ነው። በቆሎ እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ እስኪወርድ ይደርቃል። ፋጉሎና ፉርሽካ ዝናብ በማያስገባና አየር በሚያገኝ መጋዘን፣ ከወለሉና ከግድግዳው ራቅ ብሎ በርብራብ ላይ ይቀመጣል፤ ቀድሞ የገባውም ቀድሞ ይወጣል። ተባይ የቦረቦረውና የተሰባበረው ፍሬ ብዙ መርዝ ስለሚይዝ ይለቀማል። የሻገተ መኖ ከደህናው ጋር ተቀላቅሎ አይሰጥም፤ መቀላቀሉ ደህናውንም ይበክላልና።

ብክለቱ በምርመራ ሲረጋገጥ መኖው ይለወጣል። እንደ ቤንቶናይት ያሉ የሸክላ ማዕድናትም በመኖው ውስጥ ሲጨመሩ አፍላቶክሲንን አንጀት ውስጥ አጣብቀው ከፋንድያ ጋር ያስወጣሉ፤ ሌሎቹን የሻጋታ መርዞች ግን በዚያው ልክ አይዙም። ላሟ ንጹሕ መኖ ማግኘት ከጀመረች በወተቷ ውስጥ ያለው መርዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ በእጅጉ ይቀንሳል።