የባሕሩን ወለል ያበጠሩት ጠላቂዎች

እስቲ ጠጋ በሉና አድምጡኝ። ዘመኑ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር 1999፣ ወቅቱ መጸው፣ ቦታው ፍሎሪዳ፣ የፎርት ዋልተን ቢች ባሕር ዳርቻ ነው። የአሜሪካን ባሕር ኃይል እንቅልፍ የነሳው በአሸዋ የተቀበረ ፈንጂ ነበር። ድምፅ ከውኃ ይልቅ በአሸዋ ውስጥ ይፈጥናል። ስለዚህ ወለሉ ዝርግ ከሆነ፣ ከ30 ዲግሪ ገደማ በታች ተጋድሞ የመጣ ድምፅ ነጥሮ ይመለሳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። በድምፅ የሚያስሰው መሣሪያ፣ ሶናሩ፣ ግን ከዚያም ባነሰ ማዕዘን የተቀበረውን ያገኝ ነበር! ታዲያ ድምፁ በየት በኩል ገባ?

ገሚሱ ሊቅ «በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል የሚሄድ ሌላ ቀርፋፋ ሞገድ አለ» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ወለሉ መች ዝርግ ሆነና! ማዕበል ያበጀው ሸንተረር ድምፁን እየበተነ ከፊሉን ወደ ታች ይልከዋል» ሲል ሞገተ።

ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲና ከባሕር ኃይሉ ቤተ ሙከራ የመጡ ተመራማሪዎች ሥራቸውን ጀመሩ። ጠላቂዎች ወለሉን ፎቶ አነሱ፤ የጉብታዎቹ ከፍታ ተለካ፤ አሸዋው ውስጥ የድምፅ መቀበያ ተቀበረ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያደረጉት ነው። በሰከንድ 40 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ በውኃ ውስጥ የሞገዱ ርዝመት 4 ሴንቲሜትር አይሞላም። ስሌቱ እንደሚለው፣ ድምፁን ወደ ላኪው አጠንክሮ የሚመልሰው በዚያ ርዝመት ግማሽ፣ ማለትም በ2 ሴንቲሜትር ገደማ የተራራቀ ጉብታ ነው፤ ከአንዱ የተመለሰው ከቀጣዩ ከተመለሰው ጋር እኩል ይረግጣልና። እንግዲያው ጠላቂው ሚዶ የመሰለ ጥርሳም መሣሪያ ይዞ ወረደና አሸዋውን በዚያው ልክ፣ ለድምፁ መንገድ አግድም አድርጎ አበጠረው። የገደል ማሚቶው ከ10 እጥፍ በላይ በረታ! ግን አንድ ቀን አልቆየም፤ ምግብ ፍለጋ አሸዋውን የሚጭሩ ዓሦች መስመሩን ደመሰሱት፤ ማሚቶውም ወደ ቀድሞው ወረደ። ወለሉን ራስህ ለውጠህ፣ የሚመለሰውን ድምፅ አስቀድመህ ማወቅ፤ ለእኔ ስሌት የሚታመነው ያኔ ነው።

የተቀበሩት መቀበያዎችም ለሸንተረሩ ፈረዱለት፤ ቀርፋፋው ሞገድ አላስፈለገም።

ድርብርብ ወለል ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። በ2017 ከማሳቹሴትስ በስተደቡብ፣ ጭቃ በአሸዋ ላይ በተነጠፈበት ባሕር ሌላ ትልቅ ሙከራ ተደረገ። እዚያ ድምፁ ጭቃውን ዘልቆ ከሥሩ ካለው ወለል ይመለሳል፤ ከላይ ከተመለሰውም ጋር አንዴ ይደጋገፋል፣ አንዴ ይጠፋፋል። የጭቃው ውፍረትና በውስጡ ያለው የድምፅ ፍጥነት ተለይተው ካልታወቁ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ወለሎች አንድ ዓይነት ማሚቶ ሊሰጡ ይችላሉ። ያን የታችኛውን ወለል የትኛውም ጠላቂ ሊያበጥረው አይችልም።