ባዶ መሬት የታለ?

ከውጭ አገር የመጣ አንድ ወዳጄ፣ ዕረፍቱን ያሳለፈበት መዝናኛ ሦስት የጎልፍ ሜዳ እንዳለው አጫወተኝ። አንዱ ባሕር ዳር ነው፣ አንዱ ደን ውስጥ፣ አንዱ ኮረብታ ላይ። የትኛው እንደሚሻል ሲያወዳድር ቆየና፣ «እናንተስ ሸዋ ሮቢት ላይ ለምን አትሠሩም? ሙቀት አላችሁ፣ ወንዝ አላችሁ፣ ባዶ መሬት ሞልቷል» አለኝ። ያቺ «ባዶ መሬት» የምትባለው ነገር አልዋጥልኝ አለች።

ጎልፍን አልጠላውም። እንዲያውም ለገና ጨዋታችን ሩቅ ዘመድ ይመስለኛል። ሁለቱም ጫፉ በቆለመመ ዱላ ኳስ መምታት ነው፤ ሁለቱንም እረኞች ጀመሯቸው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1457 በስኮትላንዱ ንጉሥ በዳግማዊ ጄምስ ዘመን፣ ወጣቱ ቀስት ውርወራውን ዘነጋ ተብሎ ጎልፍ በሕግ ሲከለከል፣ የኛው ዘርዐ ያዕቆብ ከይፋት ቆላ በላይ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ከትመው ነበር።

የሚለያዩት በሜዳው ነው። የገና ሜዳ አጥር የለውም፤ የተጫዋቹም ቁጥር አይወሰንም። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ይቧደናል፣ ሩሯን ወደ ባላጋራው ወገን እየገፋ ይነዳል። እህሉ ስለተሰበሰበ ባለማሳው አይከፋውም፤ በማግስቱ ከብት ይሰማራበታል። ጌታው ቅልጥሙን ቢመታ እንኳ መቆጣት ነውር ነው። የጎልፍ ሜዳ ግን ዓመቱን ሙሉ ለአንድ ነገር ብቻ ነው። አዲስ አበባ የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ፣ ምኒልክ በሰጡት መሬት ላይ፣ ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ አለ፤ የሚገባው የተፈቀደለት ነው። ጃን ሜዳ ደግሞ የሁሉም በመሆኑ የሁሉም ሸክም ያርፍበታል፦ ገናው፣ ጥምቀቱ፣ የፈረስ እሽቅድምድሙ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ገበያው ሳይቀር እዚያው ገባ፤ ለ2013 ጥምቀት ለማስለቀቅና ለማጽዳት የነበረው ሩጫ አይረሳም።

እስቲ አሁን ታርማበርን አልፈን ወደ ቆላው እንውረድ። ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ 50 ሄክታር ያህል መሬት ይወስዳል። ያ ሁሉ ሣር በሸዋ ሮቢት ፀሐይ እንዳይደርቅ ውሃ ሲጠጣ መዋል አለበት፤ የሮቢን ውሃ ደግሞ ሽንኩርቱና ፍራፍሬው ይጠብቀዋል። ቁጥቋጦ የለበሰውስ? እሱም ባዶ አይደለም። ዐምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1332 የዘመቱበት የይፋት ሱልጣኔት የዘይላን የንግድ መንገድ የያዘ አገር ነበር። የአርኪዎሎጂ ባለሙያዎች በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ኖራንና አስበሪን የመሳሰሉ የመካከለኛው ዘመን ከተሞች ፍርስራሽ መዝግበዋል፤ ኖራ ላይ የድንጋይ መስጊድ ግድግዳ ቆሞ ይታያል። ሩቅ ሆኖ ለሚያይ ግን ግራርና ድንጋይ ነው።

ይሠራ ከተባለም ባለሀብቱ መጀመሪያ የመስኖ ተራውን የሚጠብቀውን ገበሬ፣ ቀጥሎ በበጋ ከብቱን ይዞ የሚመጣውን አፋር ይጠይቅ። ከዶዘሩ በፊት ደግሞ የቅርስ ባለሙያ ይላክ።