የዓለም ሸንጎ በርና አዲሶቹ ኃያላን

በ1945 ዓ. ም. (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) 51 መንግሥታት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን ሲያቋቁሙ፥ የዓለምን ሰላም የመጠበቅ ኃላፊነት 11 አባሎች ላሉት የጸጥታ ምክር ቤት ተሰጠ። በጦርነቱ ድል ያደረጉት 5ቱ ኃያላን ቋሚ ወንበርንና ውሳኔን በአንድ ድምፅ የመሻር ሥልጣንን ያዙ። በዚያን ጊዜ ሕንድ ቻርተሩን የፈረመችው ገና በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ሳለች ነው። ዛሬ በምርጫ ከሚተዳደሩት አገሮች ሁሉ በሕዝብ ብዛት ትበልጣለች፤ የቋሚዎቹ ወንበር ግን እንደ ቀድሞው 5 ነው።

ታዲያ ይህ ሥርዓት ከቶ የማይነካ ነውን? ታሪክ እንዲህ አይልም። በ1963 ዓ. ም. የአፍሪካ፥ የእስያና የላቲን አሜሪካ መንግሥታት የምክር ቤቱ አባሎች 15 እንዲሆኑ በአንድነት ጠየቁ። ድምፅ በተሰጠ ጊዜ ከ5ቱ መካከል የደገፈችው በታይዋን መንግሥት የተወከለችው ቻይና ብቻ ነበረች። ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት ተቃወሙ፤ እንግሊዝና አሜሪካ ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ። ይሁን እንጂ ደጋፊዎቹ 97 ነበሩና፥ 2 ዓመት ሳይሞላ 5ቱም ለውጡን አጸደቁት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በሥራ ታየ።

በ2005 ዓ. ም. የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ብራዚል፥ ሕንድ፥ ጀርመንና ጃፓን 6 ቋሚ ወንበሮች እንዲጨመሩ፥ 2ቱም ለአፍሪካ እንዲሰጡ ረቂቅ አቀረቡ፤ የመሻሩ ሥልጣን ጉዳይ ግን ለ15 ዓመት ይቆይ አሉ። ኢጣሊያ፥ ፓኪስታንና አርጀንቲና ተቃወሟቸው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት የአፍሪካ መሪዎችም፥ ወንበሩ ከነሥልጣኑ ካልሆነ አንቀበልም በማለት በአቋማቸው ጸኑ። በመጨረሻም የሁለቱም ወገን ረቂቅ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ፤ ኃያላኑም የመሻር ሥልጣናቸውን መጠቀም አላስፈለጋቸውም።

ሕንድ፥ ብራዚልና ደቡብ አፍሪካ በ2003 ዓ. ም. በብራዚሊያ የመተባበሪያ መድረክ መሥርተው ነበር። በ2011 ዓ. ም. ሦስቱም በጸጥታው ምክር ቤት ተገናኙ። በሊቢያ ላይ የጦር ኃይል ይፈቀድ በተባለ ጊዜ ግን ደቡብ አፍሪካ ስትደግፍ ሁለቱ ተቆጠቡ። ከዚህ የምንረዳው፥ በአገር ውስጥ በሕዝብ ምርጫ መተዳደር በውጭ አንድ ቃል መናገርን ብቻውን እንደማያስገኝ ነው።

ጉዳዩ የክብር ወንበር ጉዳይ ብቻ አይደለም። 54 የአፍሪካ አባል መንግሥታት አንድም ቋሚ ወንበር ሳይኖራቸው፥ ስለ ጦርነታቸውና ስለ ሰላማቸው በዚያ ሸንጎ ይፈረዳል። በ1963 ዓ. ም. በሩን ያስከፈተው የኃያላኑ ቸርነት አልነበረም፤ የጠያቂዎቹ ስምምነት ነው። ዛሬም ቢሆን በሩን የሚያንኳኩት አስቀድመው እርስ በርሳቸው ሊስማሙ ይገባቸዋል።