መንገድ በወረቀት ላይ፦ ከቦርዶ እስከ ቁስጥንጥንያ

ፈተና ያለቀበት ሰሞን ነበር። ወደየአገራችን የሚወስደንን አውቶቡስ ስንጠባበቅ፣ በመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ በተለጠፈው የአውሮፓ ካርታ ፊት ቆመን አንድ ጨዋታ ጀመርን። መኪና አለን እንበል፤ ቤንዚንም አለን እንበል፤ ክረምቱም የኛ ነው እንበል፤ ከምዕራብ ዳር ተነሥተን እስከ ምሥራቁ ዳር በየት በኩል እንሄዳለን? አንዱ በፓሪስ ይሁን አለ። ሌላው ተራራውን ሳናይማ አንመለስም አለ። ሦስተኛው፣ "ኧረ መጀመሪያ ቪዛውን!" ብሎ ሳቀብን። ሁላችንም አብረን ሳቅን።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ጥያቄው አለቀቀንም። ለመሆኑ የረጅም መንገድ ዕቅድ ማውጣት ምን ማለት ነው? ከኛ በፊት ያቀዱትስ ምን ምን አስበው ነበር? መልስ ፍለጋ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ያገኘነው ከጨዋታው ስለ በለጠብን ለናንተም ልናካፍላችሁ ወደድን። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ333 ዓመት ስሙ ያልታወቀ አንድ ክርስቲያን፣ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ካለችው ከቦርዶ ከተማ ተነሥቶ ኢየሩሳሌምን ሊሳለም ሄደ። ዘመኑ የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ነው፤ በኛ በኩል ደግሞ የአክሱሙ ኢዛና ዘመን ቀርቦ ነበር። ይህ ሰው የጉዞውን መዝገብ ትቶልናል። ቅድስት አገር እስኪደርስ ድረስ ግን ስለ ድካሙም ሆነ ስለ ደስታው የሚነግረን ነገር የለም ማለት ይቻላል። የጻፈው ዝርዝር ነው። ከዚህ እስከዚያ ይህን ያህል ማይል፤ እዚህ ፈረስ ይለወጣል፤ እዚህ ይታደራል። ቁስጥንጥንያ ሲደርስ ቁጭ ብሎ ይደምራል፦ 2,221 ማይል፣ 230 የፈረስ መለወጫ፣ 112 ማደሪያ። የሮማውያን ማይል ከአንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ትንሽ ስለሚያንስ፣ ጠቅላላው ወደ 3,300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በሌላ አነጋገር በየ30 ኪሎ ሜትሩ አካባቢ አንድ ማደሪያ ነበረ ማለት ነው።

ይህን ስናነብ አያቶቻችን ትዝ አሉን። እነሱስ ቢሆኑ ርቀትን የሚለኩት "የስንት ቀን መንገድ ነው?" እያሉ አልነበረምን? መንገደኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማታ የት እንደሚያድር ነው። ካርታ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

የቦርዶው ሰው በቱሉዝ፣ በናርቦንና በአርል አድርጎ የአልፕስን ተራሮች ተሻገረ፤ ቶሪኖን፣ ሚላኖንና ቬሮናን አልፎ ወደ አኲሌያ ወረደ። ከዚያም ዛሬ ሊዩብሊያና በምትባለው ከተማ በኩል አድርጎ ወደ ሲርሚየም፣ ወደ ዛሬዋ ቤልግሬድ፣ ኒሽና ሶፊያ ዘልቆ ቁስጥንጥንያ ገባ። በዛሬው ካርታ ፈረንሳይ፣ ኢጣሊያ፣ ስሎቬንያ፣ ክሮኤሽያ፣ ሰርቢያ፣ ቡልጋሪያና ቱርክ፣ ሰባት አገር መሆኑ ነው። ይሁንና በጊዜው ሁሉም በአንድ ንጉሠ ነገሥት ሥር ስለ ነበረ የተሻገረው የባዕድ ድንበር አልነበረም። ይህን ስንል ሮማን ማወደሳችን አይደለም። መንገዱ በመጀመሪያ የተሠራው ለወታደርና ለመልእክተኛ ነው። በመንግሥት ፈረስ ለመጠቀምም የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ወረቀት ያኔም ነበረች!

ዘመኑን ዘለል አድርገን ወደ መኪናው እንምጣ። በ1900 ሚሼሊን የተባለው የፈረንሳይ ጎማ ሠሪ ለባለ መኪናዎች አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ 35,000 ያህል ቅጂ በነጻ አደለ። ቤንዚን የት ይገኛል? ጎማ የሚጠግን ማን ነው? የት ይታደራል? መጽሐፉ እነዚህን ይመልስ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሰው ብዙ ከነዳ ጎማው ቶሎ ያልቃል። ንግድ ነው እንግዲህ። ነገር ግን ከ1,500 ዓመት በኋላ የቦርዶው ሰው ዝርዝር ተመልሶ መጣ፤ ለውጡ ፈረሱ ወደ ጎማ መዞሩ ነው።

በዚህ ጊዜ ግን ድንበሩ በዝቷል። መኪና ከአገር አገር ሲሻገር ቀረጥ እንደሚከፈልበት ዕቃ ይታይ ስለ ነበር፣ ተጓዡ መኪናዬን ይዤ እመለሳለሁ የሚል የዋስትና ሰነድ በየኬላው ማሳየት ነበረበት። በ1909 መንግሥታት ፓሪስ ላይ ተሰብስበው በዓለም አቀፍ የመኪና ጉዞ ላይ ስምምነት ተፈራረሙ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በ1950 ታላላቆቹ የአውሮፓ መንገዶች በአንድ ዝርዝር ገቡ፤ በ1975 ስምምነትም የዛሬውን ቁጥራቸውን አገኙ። በዚህ አቆጣጠር በመሠረቱ ጎዶሎ ቁጥር ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ሙሉ ቁጥር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። እኛም በካርታው ላይ ጣታችንን አስኬድን፤ ከቦርዶ እስከ ቤልግሬድ በኢ 70፣ ከቤልግሬድ እስከ ኒሽ በኢ 75፣ ከኒሽ በሶፊያና በኤዲርኔ አድርጎ እስከ እስታንቡል በኢ 80። እዚህም እዚያም ዞር ይበል እንጂ፣ ለካ የቦርዶው ሰው መንገድ ነው!

ከዚህ መንገድ ልባችንን የነካው በዛግሬብና በቤልግሬድ መካከል ያለው ቁራጭ ነው። በቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ዘመን የወጣት ዘማቾች ሠርተውት በ1950 ተከፈተ። ስሙንም "ወንድማማችነትና አንድነት" አሉት። ጥቅምት 30 ቀን 1961 ምዕራብ ጀርመንና ቱርክ የሠራተኛ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ ደግሞ መንገዱ የስደተኛ ሠራተኛ መንገድ ሆነ። በየዓመቱ በጋ ላይ ሠራተኛው ቤተሰቡን አሳፍሮ፣ ስጦታውን ጣራ ላይ ጭኖ፣ ስንቁን ቋጥሮ ከጀርመን ወደ ቱርክ ይነዳል። ከሙኒክ እስታንቡል ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ነው። ዕረፍቱ በቀን የተቆጠረ ስለሆነ ማደር የሚሉት ነገር የለም፤ መንገዱ ጠባብ ነው፤ አሽከርካሪው እንቅልፍ ይጥለዋል። ብዙዎች አገራቸውን ሳያዩ በዚያው ቀርተዋል። እነዚህ ሰዎችም ዕቅድ አውጪዎች ነበሩ። የነሱ ዕቅድ ግን እናት በሕይወት ሳለች መድረስ፣ ልጅን ከአያቱ ጋር ማስተዋወቅ ነበር።

ኋላ በ1991 ጦርነት ተነሣ። "ወንድማማችነትና አንድነት" የተባለው መንገድ በወንድማማቾች ጦርነት መካከሉ ላይ ተቆረጠ። ለዓመታት ተጓዡ በሃንጋሪ በኩል እየዞረ ሄደ። አስፋልቱ እኮ እዚያው ነው፤ ሰው ግን አያልፍበትም። መንገድ ሲዘጋ ምን ማለት እንደሆነ ለኛ ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። ከመካከላችን የአገሩ መንገድ አስተማማኝ ስላልሆነ ክረምቱን እዚሁ መኝታ ክፍል ያሳለፈ ጓደኛ አለን። ያን ቀን ካርታው ፊት ከሁላችን አብዝቶ የተጫወተው እሱ ነበር።

በሌላው የአውሮፓ ክፍል ደግሞ ኬላዎች ይነሡ ጀመር። ሰኔ 14 ቀን 1985 አምስት አገሮች፣ ቤልጅግ፣ ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ሉክሰምበርግና ሆላንድ፣ በሉክሰምበርግ ሸንገን መንደር አጠገብ በሞዜል ወንዝ ላይ በቆመ መርከብ ተፈራረሙ። ነገሩ በሥራ ላይ የዋለው በ1995 ነው። ክሮኤሽያ በ2023 ገባች፤ የቡልጋሪያ የየብስ ኬላ ከሸንገን አገሮች ጋር የተነሣው በጥር 2025 ነው። ስለዚህ ከቦርዶ እስከ ሰርቢያ ጠረፍ በመርሕ ደረጃ ኬላ የለም። በመርሕ ደረጃ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጥቅምት 2023 ኢጣሊያ ከስሎቬንያ ጋር፣ ስሎቬንያም ከክሮኤሽያ ጋር ባላቸው ድንበር ላይ ቁጥጥር መልሰዋል። ኬላ ማንሳት እንደሚቻል ሁሉ መመለስም ይቻላል።

አሁን ወደዚያ ጓደኛችን ቀልድ እንመለስ። የኛን አገር ፓስፖርት የያዘ ሰው ይህን መንገድ ለመጀመር ቪዛ ይጠይቃል። ከማመልከቻው ጋር መቼ የት እንደሚያድር የሚያሳይ ወረቀትና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ያቀርባል። በሚያዝያ 2024 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ለኢትዮጵያውያን የቪዛ መጠበቂያውን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አሳደገው። አያችሁ? የቦርዶው ሰው ማደሪያዎቹን የመዘገበው እየሄደ ነው። እኛ ደግሞ ማደሪያችንን ጽፈን የምናስረክበው መሄድ አለመሄዳችንን ሳናውቅ ነው።

ይህን ሁሉ አውቀን ካርታውን ከግድግዳው አላወረድነውም። መሥመሩን በቀይ እርሳስ አሥምረን ተውነው። ይልቅስ ከናንተ አንድ ነገር እንለምናለን። በዚህ ክረምት አገራችሁ ስትገቡ አያቶቻችሁን ጠይቁልን፤ ከመንደራችሁ እስከ አዲስ አበባ በበቅሎና በእግር ስንት ማደሪያ ነበር? የት ይታደር ነበር? ማን ያሳድር ነበር? ኬላውስ የት የት ነበር? ስሙን፣ ወንዙን፣ ቀኑን ጻፉልን። የሮማን መንገድ ማደሪያዎች አንድ ስሙን እንኳ ያልተወልን መንገደኛ ስለ ጻፋቸው እያነበብናቸው ነው። የኛዎቹን የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ግን ዘንድሮ አሉ፤ ለከርሞ ስለ መኖራቸው ዋስ የለንም።